የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ፡- ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል የአገራችን ሰው፣ ችግር በችግር ላይ ሲደራረብበት። እንቅርት በአባባል ውስጥ እስከመግባት የደረሰው ማንም ሰው አንገት ላይ ሊያየው የሚችል ሕመም በመሆኑ ነው። የዛሬው የከተማ ነዋሪ ግን ከታይሮይድ ዕጢ ችግር ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በአንገት ላይ በወጣ እብጠት ሳይሆን ከላቦራቶሪ በሚሰጠው ወረቀት ነው። ድካም ስለተሰማው፣ ክብደቱ ስለጨመረ ወይም «ሙሉ ምርመራ ላድርግ» ብሎ ደም ይሰጣል። ወረቀቱን ሲቀበል «ቲ.ኤስ.ኤች» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ለምሳሌ 6.2 የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩም ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያገኛል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ በዚያው ዕለት ዕድሜ ልኩን የሚወስደው ክኒን ይታዘዝለታል። ሌላዋ ደግሞ ቁጥሩ «ኖርማል» ስለሆነ ብቻ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች። ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ስህተት ሊሆኑም ይችላሉ። ካለፉት 60 ዓመታት የሆርሞን ምርምር ለታካሚ የሚጠቅመው ዋናው ትምህርት ይኸው ነው። የሆርሞን ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። ደሙ መቼ፣ በምን ዓይነት መሣሪያና በምን ሁኔታ ላይ ካለ ሰው እንደተመረመረ ካልታወቀ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

አዛዡና ታዛዡ

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ በአየር ቧንቧ ፊት ለፊት የምትገኝ፣ ቅርጿ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ናት። ከምግብ የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅማ ቲ-4 እና ቲ-3 የተባሉትን ሆርሞኖች ትሠራለች። እነዚህ ሆርሞኖች ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይቆጣጠራሉ። ሲያንሱ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የክብደት መጨመርና የወር አበባ መዛባት ይከተላል። ሲበዙ ደግሞ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይበረታል።

ታይሮይድ በራሷ ፈቃድ አትሠራም። ከአንጎል ሥር የምትገኘውና የአተር ፍሬ የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ቲ.ኤስ.ኤች የተባለውን ሆርሞን እየላከች ታዛታለች። በደም ውስጥ ቲ-4 ሲቀንስ ፒቱታሪ ትዕዛዟን ታበዛለች፤ ቲ-4 ሲበዛ ትዕዛዟን ታቋርጣለች። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲ.ኤስ.ኤች የታይሮይድን መድከም፣ ዝቅ ያለ ቲ.ኤስ.ኤች ደግሞ የታይሮይድን ከመጠን በላይ መሥራት ያመለክታል ማለት ነው።

ሐኪሞች ከቲ-4 ይልቅ ቲ.ኤስ.ኤችን አስቀድመው የሚያዙበት ምክንያት ትዕዛዟ እጅግ ፈጣንና ስሜተኛ በመሆኗ ነው። ቲ-4 በእጥፍ ያህል ሲለወጥ ቲ.ኤስ.ኤች እስከ 100 እጥፍ ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም ታይሮይድ ገና መዳከም ስትጀምርና ቲ-4 ከኖርማል ሳይወርድ ቲ.ኤስ.ኤች ቀድሞ ከፍ ይላል። ይህ ጠቀሜታው ነው። ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ በጣም ስሜተኛ የሆነ መለኪያ በሽታ ያልሆነውንም ለውጥ ያሳያልና።

መለካት እንዴት ተቻለ?

ሆርሞኖች በደም ውስጥ የሚገኙት እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ (እ.ኤ.አ.) አብዛኞቹን በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት አይቻልም ነበር። በሩን የከፈቱት በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አብረው ይሠሩ የነበሩት የፊዚክስ ባለሙያዋ ሮዛሊን ያሎውና ሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ናቸው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች የተነሱት ከኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ሰውነት ኢንሱሊኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) እንደሚሠራ ደረሱበት። በወቅቱ ኢንሱሊንን ያህል ትንሽ ፕሮቲን አንቲቦዲ አያስነሳም ተብሎ ይታመን ስለነበር ጽሑፋቸው መጀመሪያ ላይ በሳይንስ መጽሔቶች ተቀባይነት አላገኘም። እነርሱ ግን ያገኙትን አንቲቦዲ ወደ መለኪያነት ለወጡት፤ ዘዴያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1960 በዝርዝር አሳተሙ።

የዘዴው አሠራር ወንበሩ የተወሰነ ሚኒባስ ታክሲን ይመስላል። አንቲቦዲው ወንበሩ ነው። ተሳፋሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መጠኑ የታወቀ፣ ጨረር የሚያወጣ ምልክት የተደረገበት ሆርሞንና ከታካሚው ደም የመጣው ሆርሞን። ከታካሚው የመጡት ሲበዙ ምልክት ያላቸው ወንበር ያጣሉ። ወንበር ያገኙትን ባለ ምልክቶች በመቁጠር የታካሚው ሆርሞን ምን ያህል እንደሆነ ይሰላል።

በርሰን እ.ኤ.አ. በ1972 በማረፉ ለሽልማቱ አልደረሰም። ያሎው ግን በ1977 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀበለች። ሌላው የሽልማቱ ግማሽ የአንጎል ሆርሞኖችን ላገኙት ለሮጀር ጊይማንና ለአንድሪው ሻሊ ተሰጠ። እነርሱ ካገኟቸው ሆርሞኖች አንዱ ፒቱታሪ ቲ.ኤስ.ኤች እንድትልክ የሚቀሰቅሳት መሆኑ ለዛሬው ርዕሳችን ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

የመጀመሪያዎቹ የቲ.ኤስ.ኤች ምርመራዎች ከፍ ያለውን እንጂ ዝቅ ያለውን ለይተው ማየት አይችሉም ነበር። በ1980ዎቹ ሆርሞኑን በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል የሚይዙ አዳዲስ ዘዴዎች መጡ። ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በጨረር ፋንታ ብርሃንን የሚጠቀሙ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ደም እስከ 0.01 እና 0.02 ሚሊ ዩኒት የሚወርድ መጠንን ይለያሉ።

«ኖርማል» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ሰው ቲ.ኤስ.ኤች የሚያስቀምጡት ወሰን ከ0.4 እስከ 4 ሚሊ ዩኒት በሊትር አካባቢ ነው። ይህ ወሰን በጤነኛና በበሽተኛ መካከል የተሠመረ ድንበር አይደለም። ጤነኛ ናቸው የተባሉ ብዙ ሰዎች ይመረመሩና መካከለኛዎቹ 95 በመቶ የሚገኙበት ስፋት «ኖርማል» ይባላል። ይህ ማለት በስሌቱ ብቻ ከ100 ጤነኞች አምስት ያህሉ ከወሰኑ ውጪ ይሆናሉ ማለት ነው። የተለያዩ መሣሪያዎች የተለያየ ወሰን ስላላቸውም በአንዱ ላቦራቶሪ የተሠራን ምርመራ ከሌላው ጋር ማወዳደር ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሰዓትና ሁኔታም ቁጥሩን ይለውጡታል። ቲ.ኤስ.ኤች ሌሊት ከፍ ብሎ ቀን ዝቅ ይላል። በከባድ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ሰው ታይሮይዱ ምንም ሳይሆን ቁጥሮቹ ሊዛቡ ይችላሉ፤ ሲያገግም ደግሞ ቲ.ኤስ.ኤች ለጊዜው ሽቅብ ይወጣል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የእርግዝናው ሆርሞን ታይሮይድን ስለሚቀሰቅስ ቲ.ኤስ.ኤች ዝቅ ይላል። ይህን ያላገናዘበ ሐኪም ጤነኛዋን እርጉዝ የታይሮይድ በሽተኛ ሊያደርጋት ይችላል።

«ኖርማል» የሆነ ቁጥርም ሁልጊዜ መተማመኛ አይሆንም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ፒቱታሪ ዕጢዋ ደም አጥታ ልትጎዳ ትችላለች። ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ድካሙ ለዓመታት ይጫናታል። የታመመችው አዛዧ በመሆኗ ቲ.ኤስ.ኤች ከፍ ሊል አይችልም፤ ብዙ ጊዜም በኖርማል ወሰን ውስጥ ይገኛል። ችግሩ የሚታወቀው ቲ-4 አብሮ ሲለካና ኮርቲሶልን የመሳሰሉ ሌሎች የፒቱታሪ ሥራዎች ሲፈተሹ ነው። ኮርቲሶሏ ማነሱ ሳይታወቅ የታይሮይድ ክኒን ብቻ ቢሰጣት ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የወሊድ ታሪኳን መጠየቅ እዚህ ላይ ከመሣሪያው በላይ ዋጋ አለው።

ትንሽ ከፍ ሲል

ብዙ ክርክር ያለው ቲ.ኤስ.ኤች ትንሽ ከፍ ብሎ ቲ-4 ግን ኖርማል ሲሆን ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው 6.2 ዓይነት ቁጥር ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ምልክቱ ያልጎላ የታይሮይድ መድከም ይሉታል። በአንዳንዶች ላይ እየከፋ ሄዶ ሙሉ በሽታ ይሆናል፤ በተለይም የራሳቸውን ታይሮይድ የሚያጠቃ አንቲቦዲ በደማቸው በሚገኝባቸው ሰዎች። በብዙዎች ላይ ግን እንደመጣ ይሄዳል።

በእስራኤል በአንድ ትልቅ የጤና አገልግሎት ድርጅት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የታይሮይድ መድኃኒት የማይወስዱ ሰዎችን ለአምስት ዓመታት ተከታትሏል። በመጀመሪያው ምርመራ ቲ.ኤስ.ኤች በመጠኑ ከፍ ብሎባቸው ከነበሩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሌላ ጊዜ ሲመረመሩ ቁጥሩ ያለ መድኃኒት ወደ ኖርማል ተመልሶ ተገኝቷል። ሐኪሞች ከሁለትና ከሦስት ወራት በኋላ ምርመራው ይደገም የሚሉትም ለዚሁ ነው።

ቁጥሩ ከፍ እንዳለ የቀጠለባቸውስ? ለዚህ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና በአራት የአውሮፓ አገሮች የተካሄደው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 737 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ክኒን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ። የትኛውን እንደሚወስዱ እነርሱም ሐኪሞቻቸውም አያውቁም ነበር። ሲጀመር የቲ.ኤስ.ኤች አማካይ 6.4 ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት ወደ 3.63 ሲወርዱ፣ አምሳያውን የወሰዱት 5.48 ላይ ነበሩ።

ቁጥሩ ተስተካከለ። ሰውየውስ? በድካምም ሆነ በሌሎች የታይሮይድ መድከም ምልክቶች በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ክኒኑ ያሳመረው ወረቀቱን እንጂ ኑሯቸውን አልነበረም። ይህንና መሰል ጥናቶችን መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ ለአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት አዋቂዎች የታይሮይድ ሆርሞን እንዳይሰጥ መከረ። ምክሩ ግን እርጉዞችንና ለማርገዝ የሚሞክሩ ሴቶችን፣ ቲ.ኤስ.ኤች ከ20 በላይ የሆነባቸውን፣ ሕመሙ የጠናባቸውንና በጣም ወጣት የሆኑትን አይመለከትም።

ክኒኑ ርካሽና የታወቀ ስለሆነ «ቢወሰድ ምን ይጎዳል?» ማለት ይቻል ይሆናል። ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ሆርሞን በተለይ በአረጋውያን ላይ የልብ ምት መዛባትንና የአጥንት መሳሳትን ያስከትላል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መሣሪያው ሲታለል

አንዳንድ ጊዜ ስህተቱ ያለው በሰውየውም በሐኪሙም ዘንድ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ውበት ተብለው የሚሸጡ ብዙ ቫይታሚኖች ባዮቲን በብዛት ይዘዋል። ባዮቲን ለሰውነት አደገኛ አይደለም። ነገር ግን ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች አንቲቦዲዎቻቸውን አጣብቀው የሚይዙት በዚሁ ባዮቲን ነው። በደም ውስጥ ባዮቲን ሲበዛ ማጣበቂያው ይሻማል። በዚህ ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች በሐሰት ዝቅ፣ ቲ-4 ደግሞ በሐሰት ከፍ ብሎ ይነበባል። ውጤቱ የታይሮይድ መብዛትን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል፤ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በዚህ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በማስጠንቀቂያው ላይ የልብ ድካምን የሚያሳየው የትሮፖኒን ምርመራ በባዮቲን ምክንያት በሐሰት ዝቅ ብሎበት የሞተ አንድ ታካሚ ተጠቅሷል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ የቫይታሚን ብልቃጥ በብዙ ቤት በሚገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባለሙያዎች ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀናት ባዮቲንን ማቆም እንደሚገባ ይመክራሉ። ሐኪሙ የማያውቀውን ቫይታሚን ሊገምት ስለማይችል መናገሩ የታካሚው ድርሻ ነው።

ክትትሉ

ታይሮይዱ በእርግጥ የደከመበት ሰው ሌቮታይሮክሲን ያስፈልገዋል፤ ክኒኑም ሕይወቱን ይመልስለታል። የክትትሉን ጊዜ የሚወስነው የሆርሞኑ ባሕርይ ነው። ቲ-4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ፒቱታሪም ከአዲሱ መጠን ጋር ለመላመድ ጊዜ ስለምትፈልግ፣ መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ምርመራው የሚደገመው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመርምሮ መጠን መለወጥ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል መሯሯጥ ነው።

አወሳሰዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይወሰዳል። ቁርስና ቡና ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቡና ክኒኑ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያውክ በጥናት ታይቷል። ካልሲየምና የብረት ክኒን ከአራት ሰዓት በኋላ ይወሰዱ። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳ ቡናው የሚቀርብለት ሰው ቁጥሩ አልስተካከል ቢል መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ስለ ስኒው መጠየቅ ይገባል።

ታይሮይዱ ከመጠን በላይ በሚሠራበት ሰው ደግሞ ክትትሉ ይለያል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ቲ-4 ወደ ኖርማል ቢመለስም ቲ.ኤስ.ኤች ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት እንደወረደ ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቲ.ኤስ.ኤችን ብቻ የሚያይ ሐኪም መድኃኒቱን ያለአግባብ ሊጨምር ስለሚችል ቲ-4 እና ቲ-3 አብረው ይለካሉ። ካርቢማዞል ወይም ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከተሰማው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ዕለት ነጭ የደም ሴሎቹን ማስቆጠር አለበት። መድኃኒቶቹ አልፎ አልፎ እነዚህን ሴሎች በአደገኛ ሁኔታ ያጠፋሉና።

አንድ ምርመራ ሕይወት ሲለውጥ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ምርመራው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በትክክለኛው ሰዓት የተወሰደ አንድ ጠብታ ደም የሰውን ዕጣ ሊለውጥ እንደሚችል ጨቅላ ሕፃናት ምስክር ናቸው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ የማይሠራ ታይሮይድ ይዞ ይወለዳል። ሲወለድ ከሌላው ሕፃን አይለይም፤ ምልክቱ ጎልቶ ሲወጣ ግን አእምሮው ተጎድቷል። ዣን ዱሶ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ኩቤክ ከተረከዝ በተወሰደ ጠብታ ደም ሁሉንም ሕፃናት መመርመር ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክኒን የተጀመረለት ሕፃን እንደ እኩዮቹ ያድጋል።

እዚህም ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። ሕፃን ሲወለድ ቲ.ኤስ.ኤች በተፈጥሮ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ስለሚወጣ ደሙ የሚወሰደው አንድ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በተለምዶ እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ምርመራው በመደበኛነት በማይሰጥበት ሆስፒታል የሚወልዱ ወላጆች ሊጠይቁት የሚገባ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በአገራችን የታይሮይድ ነገር ሲነሳ ጨው አይቀሬ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ ኢትዮጵያ በአብዛኛው ትጠቀም የነበረው ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣ ጨው ነበር። ከዚያ በኋላ የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ሲተካ አዮዲን የመጨመሩ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ያህል ቤተሰቦች ብቻ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጨው ያለ አዮዲን እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደርሷል። ይሁንና ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። ለዓመታት አዮዲን ያጣ ባለ ጓል እንቅርት አዮዲን በብዛት ሲያገኝ ከመጠን በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል። በ1990ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ ጨው አዮዲን ከተደረገበት በኋላ ይኸው ታይቷል። ስለዚህ እብጠቱ የቆየና የማያም መሆኑ ቁጥሩን ላለማየት ምክንያት አይሆንም።

ወረቀቱን ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ቲ-4 አብሮ ተለክቷል ወይ? ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ ቢደገም ምን ይሆናል? የምወስደው ቫይታሚን ወይም መድኃኒት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል ወይ? ክኒኑን ብጀምር የምናክመው ሕመሜን ነው ወይስ ቁጥሩን? ጥሩ ሐኪም በነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ችግር ለሌለበትና እርጉዝ ላልሆነ ሰው ሁለት ወር መጠበቅ ጉዳት የለውም፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን ግን ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለተኛ ምርመራ ይገባዋል።